ተጨማሪ መረጃ፦ ደቻቱና የቦታ መረጣ
የአረንጓዴ ሕንፃ ሥራ የሚጀምረው ከቦታ መረጣ ነው፤ ድሬዳዋ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በስተደቡብ ያሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ግን፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ጎርፉ ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚገነባ ሁሉ በበጋ የሚያየውን አሸዋ አይመን፤ ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ አስቀድሞ ይለካ።

ቀጥሎ መጓጓዣ ይታያል። «ሊድ» የተባለው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ መመዘኛ፣ ለመጓጓዣ ነጥብ ለመስጠት ከሕንፃው በር እስከ አውቶቡስ ፌርማታ በእግር ከ400 ሜትር፣ እስከ ባቡር ጣቢያ ከ800 ሜትር ያልበለጠ ርቀት ይጠይቃል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ የተቆረቆረው የከዚራ ሰፈር፣ መመዘኛው ከመታሰቡ በፊት ለእግረኛ የተመቸ ነበር፤ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዛፎቹ ጥላ ይሰጣሉ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያም ቅርብ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ መንገደኛው ባጃጅ ወይም ሌላ ተሽከርካሪ መያዝ ግድ ይለዋል።