ፍርድ ሲከለስ፦ የብራያን ዲ ፓልማ ፊልሞችና የዳግመኛ ግምገማ አጻጻፍ

ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ፊልም አስተያየት ስትጽፉ ጭብጡን፣ ገጸ ባሕርያቱንና አቀራረቡን ለይታችሁ መመርመር እንደሚገባችሁ ከዚህ በፊት ተምራችኋል። አሁን የምንመለከተው ከዚያ ጥቂት ከበድ የሚለውን የአጻጻፍ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ቀድሞ የተፈረደበትን ሥራ ከዓመታት በኋላ እንደገና አይቶ መጻፍ ነው። ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ዳግመኛ ግምገማ እንለዋለን። ለምሳሌ የመረጥነው አሜሪካዊውን የፊልም ዲሬክተር ብራያን ዲ ፓልማን ነው፤ በእርሱ ፊልሞች ላይ የተሰጠው ፍርድ ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ዲ ፓልማ የተወለደው በ1940 በኒውዋርክ ከተማ ሲሆን ያደገው በፊላደልፊያ ነው። አባቱ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበሩ። እርሱም ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ የገባው ፊዚክስ ለመማር ነበር፤ ኋላ ግን ልቡ ወደ ቴአትርና ወደ ፊልም አዘነበለ። የሳይንስ ፍቅሩ ጨርሶ አልጠፋም። በፊልሞቹ ውስጥ ካሜራውና የድምፅ መቅረጫው ራሳቸው እንደ ገጸ ባሕርያት ሆነው ይታያሉ። የሸራውን ምስል ለሁለት ከፍሎ ሁለት ድርጊቶችን ጎን ለጎን ያሳያል፤ ወይም በካሜራው ላይ ልዩ መስታወት ገጥሞ፣ ቅርብ ያለውንና ሩቅ ያለውን ነገር እኩል አጥርቶ ያቀርባል። የሚያዘወትረው ልብ አንጠልጣይ ታሪክን ነው፤ በ1976 የወጣው «ኬሪ» የተባለው ፊልሙም ስሙን በሰፊው እንዲታወቅ አድርጎታል።

ሆኖም ዝናውና ክሱ አብረው ነው የመጡት። ክሱ ሦስት ነበር። አንደኛው፣ የአልፍሬድ ሂችኮክን ሥራ እየቀዳ ያቀርባል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ውበት እንጂ ቁም ነገር የለውም የሚል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ አሳምሮ ለተመልካች መዝናኛ ያደርጋል የሚል ነው። በ1980 «ድረስድ ቱ ኪል» የተባለው ፊልሙ ሲወጣ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ከሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ቆመው ተቃውሞአቸውን ገልጸዋል። በዚያው ፊልም፣ ኋላም በ1983 ባወጣው «ስካርፌስ»፣ የዓመቱን መጥፎ ሥራ ለማፌዝ በሚሰጠው «ጎልደን ራስፕቤሪ» በተባለው ሽልማት ለመጥፎ ዲሬክተርነት ታጭቷል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ስለ ዓረፍተ ነገር እንነጋገር። መምህር በነበርሁበት ጊዜ የተማሪዎችን ድርሰት ሳርም ደጋግሞ ያስቸግረኝ የነበረው «ይባላል» የሚለው ግሥ ነው። «ዲ ፓልማ ሴቶችን የሚጠላ ዲሬክተር ነው ይባላል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ግሡ ተደራጊ ስለሆነ ፈራጁ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ማን አለ? መቼ አለ? የትኛውን ፊልም አይቶ? «ፊልሙ ጨካኝ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የእናንተን ፍርድ የዘላለም እውነት ያስመስለዋል። «በ1980 የተቃወሙት ሰዎች ፊልሙን ጨካኝ ብለውታል፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ» ስትሉ ግን ፈራጁም፣ ዘመኑም፣ የእናንተም ድርሻ በየቦታው ይቀመጣል። ዳግመኛ ግምገማ የሚቻለው በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ባለቤቱና ጊዜው ያልታወቀ ፍርድ ሊከለስ አይችልምና።

አሁን ወደ አንድ ፊልም ጠለቅ ብለን እንግባ። በ1981 የወጣው «ብሎው አውት» ትርጉሙ የጎማ ፍንዳታ ማለት ነው። ባለታሪኩ ጃክ ቴሪ በፊላደልፊያ ለርካሽ አስፈሪ ፊልሞች ድምፅ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው፤ ይህን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ጆን ትራቮልታ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ከእነዚህ ርካሽ ፊልሞች አንዱን በማሳየት ነው። ገዳዩ ቢላዋ ይዞ ይገባል፤ ሴቲቱ ትጮኻለች፤ ጩኸቷ ግን ከማስፈራት ይልቅ የሚያስቅ ስለሆነ፣ አሠሪው ጃክን የተሻለ ጩኸት እንዲፈልግ ያዝዘዋል። ተመልካቹም አብሮ ይስቃል።

ጃክ በሌሊት የነፋስ ድምፅ ለመቅረጽ ከአንድ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ሳለ አንድ መኪና ጎማው ፈንድቶ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ዘልሎ ገብቶ ሳሊ የተባለችውን ወጣት ያድናል፤ አብሯት የነበረው የግዛቱ አገረ ገዥና የፕሬዚዳንትነት ተስፈኛ ግን ይሞታል። የሟቹ ሰዎች ጃክን ሳሊ በመኪናው ውስጥ እንዳልነበረች አድርጎ እንዲናገር ይጠይቁታል። እርሱ ግን የቀረጸውን ክር ደጋግሞ ሲያዳምጥ ከጎማው ፍንዳታ በፊት ሌላ ድምፅ፣ የጥይት ድምፅ፣ ይሰማል። በመጽሔት ላይ የወጡትን የአደጋውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ቆርጦ፣ እንደ ፊልም አያይዞ፣ ከድምፁ ጋር ያገጣጥማቸዋል። እውነቱን ያገኘዋል፤ የሚያምነው ግን ያጣል። በአንድ ትዕይንት ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገባ የድምፅ ክሮቹ ሁሉ ተደምስሰው ያገኛል፤ ካሜራውም በክፍሉ መሐል ቆሞ እየዞረ፣ ጃክ ከክር ወደ ክር ሲሮጥ ደጋግሞ ያሳየናል። እዚህ የካሜራው መዞር ጌጥ አይደለም፤ የሰውዬው ራስ ምን ያህል እንደ ዞረ ያለ አንድ ቃል የሚናገር ነው።

መጨረሻው መራራ ነው። ጃክ ገዳዩን ለማጋለጥ ሲል በሳሊ ልብስ ሥር የድምፅ ማስተላለፊያ ደብቆ ይልካታል። ከተማው የነጻነት በዓል እያከበረ ርችት ሲተኮስ የእርሷን ጩኸት በጆሮው ይሰማል፤ ሲደርስ ግን ሞታለች። ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያው ርካሽ ፊልም እንመለሳለን። አሠሪው ሲፈልገው የነበረው ጩኸት ተገኝቷል፤ የሳሊ ጩኸት ነው። አሠሪው ይደሰታል፤ ጃክ ጆሮውን ይይዛል።

ይህን ፊልም ለመሥራት 18 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ከወጪው ያነሰ ነበር። ተመልካቹ ትራቮልታን የሚያውቀው በ1977ና በ1978 ሲጨፍርና ሲዘፍን ነው፤ ይህን የመሰለ ሐዘን አልጠበቀም። ከሐያስያንም ብዙዎቹ የሚክኤላንጄሎ አንቶኒዮኒን «ብሎው አፕ» (1966) እና የፍራንሲስ ኮፖላን «ዘ ኮንቨርሴሽን» (1974) የቀዳ ነው አሉት። ነገር ግን «በወቅቱ ሁሉም አወገዘው» ብላችሁ እንዳትጽፉ ተጠንቀቁ፤ የዳግመኛ ግምገማ ጸሐፊዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ«ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ትጽፍ የነበረችው ፖሊን ኬል ያን ጊዜውኑ አድንቃዋለች፤ ሮጀር ኢበርትም እንዲሁ።

ታዲያ በኋላ ምን ተለወጠ? ፊልሙ ያው ነው። መጀመሪያ የተለወጠው የማያ መንገዱ ነው። የቪድዮ ካሴት በየቤቱ ሲገባ ተመልካቹ እንደ ጃክ ራሱ ክሩን እያቆመና ወደ ኋላ እየመለሰ ማየት ቻለ፤ በአንድ ምሽት የሸሸው ነገር በሦስተኛው ጊዜ ተያዘ። ሁለተኛ፣ አዳዲስ ዲሬክተሮች ምስክር ሆኑ፤ ኩዌንቲን ታራንቲኖ «ብሎው አውት»ን እጅግ ከሚወዳቸው ፊልሞች አንዱ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል፤ በ1994 በ«ፐልፕ ፊክሽን» ትራቮልታን አሠርቶታል። ሦስተኛ፣ ዘመኑ ራቀና የፊልሙ መነሻ ጎልቶ ታየ። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 መገደል፣ የግድያው ምስል በመጽሔት ላይ በየቁራጩ መታተሙ፣ በ1969 የሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ መኪና ከድልድይ ወድቃ አብራቸው የነበረችው ወጣት መሞቷ፣ የዎተርጌት ምስጢራዊ ክሮች፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተጠላልፈው ይገኛሉ። በፈረንሳይ ደግሞ «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለው መጽሔት የዲ ፓልማን «ካርሊቶስ ዌይ» (1993) ከ1990ዎቹ ምርጥ ፊልሞች ተርታ አሰልፎታል። ቀድቶታል የተባለው የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ራሱ በ1958 ቀዝቃዛ አቀባበል ገጥሞት፣ በ2012 በ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት የሐያስያን ምርጫ አንደኛ መውጣቱንም አስታውሱ።

በእኔ በኩል «ብሎው አውት»ን የሚያነሣው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጩኸት ዝምድና ነው። በመጀመሪያው የሳቅነው እኛ ነን፤ በመጨረሻው መሳቅ ያቅተናል። የሴት ጩኸት መዝናኛ ሲሆን ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ፊልም አላውቅም፤ ሦስተኛውን ክስ በዲሬክተሩ ላይ ያቀረቡት ሰዎች፣ ክሳቸውን ፊልሙ ራሱ እያነሣው መሆኑን በዚህ ሥራ ያስተዋሉት አይመስለኝም።

ይህ ግን ለሌሎቹ ፊልሞች ምሕረት አያሰጥም። «ድረስድ ቱ ኪል» በአሠራሩ የተዋጣ ነው፤ በሙዚየም ውስጥ ያለ ንግግር የሚታየው ረጅም ትዕይንት ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም ገዳዩን ፆታውን ለመለወጥ የሚሻ የአእምሮ ሕመምተኛ አድርጎ ማቅረቡ ዛሬ ከ1980 ይልቅ የከረረ ወቀሳ ያመጣበታል፤ እኔም ወቀሳው ተገቢ ይመስለኛል። የፍርድ መከለስ አንዳንዱን ሥራ ሲያነሣ ሌላውን ይጥላል፤ በአንዱ ሥራ ውስጥም ቢሆን አንዱን ገጽ ሲያጠራ ሌላውን ያደበዝዛል።

እነዚህ ፊልሞች ለአዋቂዎች የተሠሩ ስለሆኑ ለመልመጃችሁ ሌላ ሥራ ምረጡ። ከሁለት ዓመት በፊት አንብባችሁ የጠላችሁትን አንድ መጽሐፍ ውሰዱ። ያን ጊዜ የጠላችሁበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ፣ ሳታሳምሩና ሳታፍሩ፣ ከነጊዜው ጻፉ። ከዚያ መጽሐፉን እንደገና አንብቡ። ሁለተኛውን አንቀጽ ስትጽፉ የመጀመሪያውን አትሰርዙት፤ ሁለቱን አስከትላችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።