«ሊኑክስ ያለ ኢንተርኔት አይሆንም» እና ሌሎች ወሬዎች

ሆሳዕና፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ የለመደ ወጣት ሆመቾ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስ ሊያስጭን ይችላል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «ኔት በሌለበት ምን ልሠራበት?» ይላል። ይህ ወሬ ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ ሰው ስላሳሳተ ከእሱ እንጀምር።

ተረት፦ ሊኑክስ ያለ ቋሚ ኢንተርኔት አይሠራም።

እውነታ፦ ኔት የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ለማውረድ ነው፤ ኮድ ለመጻፍ አይደለም። ፓይተን ከኡቡንቱ ጋር አብሮ ይመጣል። ጊትም ሥራውንና ታሪኩን የሚመዘግበው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መስመር የሚፈልገው ለመላክና ለመቀበል ብቻ ነው። የሌላ ሰው ፕሮጀክት ስታወርዱ «ዴፕዝ 1» ብላችሁ ብታዙት የዓመታት ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ያመጣል፤ የዳታ ጥቅል ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የጎደለ ፕሮግራም ቢኖርስ? አፕት-ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ አለ። ሆመቾ ያለው ኮምፒውተር የሚፈልገውን በትንሽ ፋይል ይዘረዝራል፤ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ሆሳዕና ኔት ባለው ኮምፒውተር ታወርዳላችሁ፤ ተመልሳችሁ ትጭናላችሁ። (መሣሪያውን ራሱን ግን አስቀድሞ፣ ኔት ባለበት መጫን ግድ ነው።) ጓደኛሞች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ ስሪትና ፕሮሰሰር ካላችሁ ደግሞ አንዱ ያወረደው ለሁሉም ይበቃል። አንድ ወጥመድ አለ፦ «አፕት» የሚለው ትእዛዝ ያወረደውን ጥቅል ከጫነ በኋላ ያጠፋዋል፤ «አፕት-ጌት» ግን ያስቀምጠዋል። ለማካፈል ካሰባችሁ በሁለተኛው ጫኑ።

ተረት፦ መብራት ቢጠፋም ሊኑክስን አይነካውም።

እውነታ፦ ግማሹ እውነት ነው። ኤክስት 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለውጡን ቀድሞ ስለሚመዘግብ ዲስኩ በአብዛኛው ሳይዘበራረቅ ይነሳል። ያላስቀመጣችሁት ኮድ ግን ሄደ። ፍላሽ ላይም ተጠንቀቁ፤ ተርሚናሉ ቅጂው አለቀ ቢልም ፋይሉ ገና ሜሞሪ ውስጥ ሊሆን ይችላል። «ሲንክ» ብላችሁ እስኪመለስ ጠብቁና ንቀሉ።

ተረት፦ ሊኑክስ አማርኛ አያውቅም።

እውነታ፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጻፊያውም ፊደሉም በነፃ ይጫናል። ችግሩ ያለው ራሳችን በምንጽፈው ኮድ ውስጥ ነው። «ሆመቾ» ሦስት ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ 8 ዘጠኝ ባይት ይይዛል። ስለዚህ የስም ርዝመትን በባይት የሚቆርጥ ፕሮግራም ፊደሉን ከመሃል ይሰነጥቀዋል። ሀዲይኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ በሆሳዕና አካባቢ አገልግሎት የሚሰጥ ቅጽ ሁለቱንም ፊደል መቀበል አለበት። ፕሮግራማችሁን በአማርኛም በሀዲይኛም ስም ፈትኑት።

«ሊኑክስ ለሊቃውንት ነው» የሚባለውም ተረት ነው፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ የሊኑክስን ከርነል በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሊኑክስ «ፈቃድ የለህም» ሲላችሁ ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ በሚሰጠው 777 ሁሉንም መክፈት ግን መፍትሔ አይደለም፣ ስንፍና ነው፤ የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታችሁ አስተካክሉ።

የፈራ ሰው ኡቡንቱን ዊንዶውሱን ሳይነካ ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይችላል። ወስናችሁ ዲስክ ለመከፋፈል ስትነሱ ግን በመጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።