አይጥ ያልረገጣት ደሴት

ሲሸልስ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ነጭ አሸዋና ሙሽሮች ናቸው። ለእኔ ግን የዚያች አገር ኩራት ከፕራስላን ደሴት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠችው፣ ሠላሳ ሄክታር የማትሞላው ኩዘን ናት። ሆቴል የላትም፤ ወደብ የላትም፤ ጎብኚ አያድርባትም። በሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት ትከፈታለች፤ የመግቢያው ገንዘብ ለጥበቃው ይውላል። ስለ አገባቡ ይኸው ይበቃል፤ ስለ ጀልባው ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ።

ከፕራስላን ጎብኚ ጭኖ የተነሳ ጀልባ ኩዘን ላይ አያርፍም። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ይቆማል። የደሴቷ የራሷ ጀልባ ይመጣና ሰዎቹን አንድ በአንድ ይቀበላል፤ ከዚያም ማዕበሉን ጠብቆ፣ ሞተሩን አስጩሆ፣ በሙሉ ፍጥነት አሸዋው ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ይህን ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት ይመስለዋል። ሌላው ገንዘብ ለመሰብሰብ የተፈጠረ ጣጣ ነው ብሎ ያጉረመርማል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ምክንያቱ አይጥ ነው።

ኩዘን ላይ አይጥም ድመትም ሰፍረው አያውቁም። መርከበኞች ለዘመናት በተመላለሱበት በሕንድ ውቅያኖስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አይጥ በገመድ ትወጣለች፣ በጭነት መሐል ትደበቃለች፣ አጭር ርቀትም ዋኝታ ትሻገራለች። አንዲት ያረገዘች ከገባች በቂ ነው። የደሴቷ ወፎች ደግሞ እንዲህ ያለ ጠላት የማያውቁ ናቸው። ነጭ ተርን የምትባለው ወፍ ጎጆ እንኳ አትሠራም፤ አንዲቷን እንቁላሏን ባዶ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣ ትታቀፋታለች። ሺርዋተር የሚባሉት የባሕር ወፎች ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት መሬት ውስጥ በቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ለአይጥ ይህ ሁሉ የቀረበ ማዕድ ነው።

አይጥ ከገባች በኋላ ማስወጣቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ከሲሸልስ መውጣት አያስፈልግም። ፍሬጌት ወደተባለችው ደሴት አይጥ የገባችው በ1995 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2000 እሷን ለማጥፋት በሄሊኮፕተር መርዝ መበተን አስፈለገ፤ ብርቅዬዎቹ ወፎች በመርዙ እንዳይጎዱ አስቀድሞ ተይዘው መቆየት ነበረባቸው። ኩዘን ይህን ሁሉ ያስቀረችው የሰው ጀልባ ባለማስጠጋቷ ነው። ደሴቷ ላይ ስንደርስ ጠባቂው ቦርሳዬን ከፍቼ እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ግን ተቆጣ። መቆጣቱ አልገባኝም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቦርሳውን ማታ ማራገፍ፣ ፍርፋሪውን ማውጣት፣ ዘር ተጣብቆ እንዳይገባ ጫማውን መጥረግ አለበት። ይህ ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ትንሹ ክብር ነው።

ኩዘን “ያልተነካች” ናት የሚሉ የጉዞ ጽሑፎችም ያናድዱኛል። ደሴቷ የኮኮናት እርሻ ነበረች። በ1968 ዓለም አቀፉ የወፎች ጥበቃ ምክር ቤት፣ ዛሬ ባርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው፣ የገዛት ስለ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ብሎ ነው። ሲሸልስ ዋርብለር የምትባለው ይህች ወፍ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከሠላሳ የማይበልጡ ብቻ ቀርተዋት ነበር፤ ሁሉም የነበሩት እዚህ ነው። አይጥ ባይኖርም ኮኮናቱ ጫካዋን አሳጥቷት ነበር። ጠባቂዎቹ የኮኮናቱን ቡቃያ እየነቀሉ ፒሶኒያና ሌሎች የአገሬው ዛፎች ቦታቸውን መልሰው እንዲይዙ አደረጉ። ነፍሳትን ከቅጠል ሥር እየለቀመች የምትኖረው ወፍም በጥቂት ዓመታት ደሴቷን ሞላች። ዛሬ ጎብኚው ጥንታዊ ጫካ ነው ብሎ የሚያደንቀው ጥላ የእነዚያ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ይህን ሳይነግሩ ውበቷን ብቻ ማወደስ ለፍተው ላቆዩዋት ሰዎች ውለታ ቢስነት ነው።

ወፊቱ ራሷ ለማየት ያን ያህል አትማርክም፤ ኑሮዋ ግን ያስደንቃል። ያደጉ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ቆይተው ተከታዩን ጫጩት ያሳድጋሉ። ምግብ በበዛበት ክልል የሚኖሩ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሴት፣ ምግብ በጎደለበት ያሉት ደግሞ ወንድ እንደሚፈለፍሉ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተካሄደው ጥናት አሳይቷል። ኩዘን ስትጠብባቸው 29 ወፎች በ1988 ወደ አሪድ ደሴት ተወሰዱ፤ ከዚያም ሌሎቹ ደሴቶች፣ ኩዚን፣ ዴኒስና ፍሬጌት፣ ተከተሉ። አሁን ቁጥራቸው በሺዎች ይቆጠራል።

ስትሄዱ ከመንገዱ አትውጡ። ለስላሳው መሬት ሥር የሺርዋተር ጉድጓዶች አሉ፤ ፎቶ ለማንሳት ሁለት እርምጃ የወጣ ሰው ጉድጓዱን በጫጩቷ ላይ ሊንድ ይችላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሄዳችሁ ደግሞ ሆክስቢል የምትባለውን የባሕር ኤሊ የማየት ዕድል አላችሁ፤ በሲሸልስ እንቁላሏን ልትጥል የምትወጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። አሸዋው ላይ ካገኛችኋት ባላችሁበት ቁሙ፤ በእሷና በባሕሩ መካከል አትግቡ፤ አስጎብኚው እስኪነግራችሁም አትቅረቧት።