ቅጠል ነው ብለን የናቅነው ሱስ
ስለ ጫትና ስለ ምክር አገልግሎት



ሱሰኛ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ልብሱ የተቀደደ፣ በየጥጉ የወደቀ ሰው ነው። በዚህም ምክንያት ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ለሚቀመጠው ጎረቤታችን፣ ለፈተና ነቅቼ ላጥና ብሎ ለጀመረው ልጃችን ወይም ለራሳችን ይህን ቃል አንጠቀምበትም። ነገር ግን ሱስ ማለት መውደቅ ማለት አይደለም። አንድን ነገር መተው እየፈለጉ፣ ጉዳቱንም እያወቁ መተው ሲያቅት ሱስ ይባላል። ጠዋት ተነሥቶ ሥራው የሚሄድ፣ ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥም ሰው ሱሰኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይበልጡን የምናወሳው ስለ ጫት ነው። በአካባቢያችን በቀላሉ የሚገኘው፣ «ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?» እየተባለ የሚናቀውም እሱ ነውና።

ቅጠል መሆኑስ እውነት ነው። ትምባሆም ቅጠል ነው። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ ያወጣው ነው። ጠባዩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ካቲኖኑ እየከሰመ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የአወዳይ ጫት ሌሊቱን የሚጓዘው፣ ኬንያዎች ሚራ የሚሉት የሜሩ ጫትም በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ መኪናው ነፍሱን ሳያውቅ የሚበረው ስለዚህ ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪ ባይማርም የዘገየ ጫት እንደማይሸጥ ያውቃል።

ካቲኖን ወደ አንጎል ሲደርስ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ዶፓሚን ርቦን ስንበላ፣ አስተማሪ ሲያመሰግነን፣ ከአገር ቤት ደኅና ወሬ ስንሰማ በልኩ የሚለቀቅ ነው። ጫት ግን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ምርቃና የምንለው ይህንን ነው። ወሬው ይጥማል፣ ሐሳቡ ይሰፋል፣ በምርቃና ሰዓት ስንቱ ፎቅ ይሠራል! ማታ ሲመሽ ፎቁ ይፈርስና ዝምታ፣ ድብርትና የእንቅልፍ እጦት ይተካል። ይህ ዕለት በዕለት ሲደጋገም አንጎላችን ራሱን ከጎርፉ ጋር ያስተካክላል። ያን ጊዜ የምግቡም፣ የጨዋታውም፣ የትምህርቱም ጣዕም ይቀንሳል። ሰውየው መጀመሪያ የቃመው ለመደሰት ነበር፤ አሁን የሚቅመው እንደ ሰው ለመሆን ነው። ሐራራው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ «ወኔ የለውም» ብሎ መስደብ ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው አንጎሉ በእርግጥ ስለ ተለወጠ ነው። ደግነቱ፣ ይህ ለውጥ ጊዜ ሲሰጠው ይመለሳል።

ለጥናት ብላችሁ የምትቅሙ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ጫት ያነቃል፤ አንዱን ገጽ ደጋግሞ እስከ ንጋት ያስነብባል። ይሁን እንጂ የተነበበው ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፍ ያላገኘ ተማሪ ሌሊት ያነበበውን ፈተናው ላይ ሲያጣው «ረሳሁት» ይላል እንጂ ጫቱን አይጠረጥርም።

ከጫቱ የሚብሰው ግን ጨብሲው ነው። ምርቃናው አላስተኛ ሲል አረቄ ወይም ቻንጋ የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ሁለት ሱስ ያበጃል። በዚህ ላይ ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጡን በአንድ ቀን ቁርጥ ማድረግ የለበትም። እጁ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥለቅለቅ፣ ከዚያም እንደሚጥል በሽታ መጣልና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ክሊኒክ ሄዶ በመድኃኒትና በክትትል ማቆም አለበት።

ጫት ሲቋረጥ እንዲህ ያለ አደጋ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከባድ ናቸው። ሰውነት ይዝላል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ቁጣ ይቀርባል፣ ረሃብ ያይላል፤ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ዱካኩን መንፈስ ነው ብሎ ይፈራና ተመልሶ ይቅማል። ለወትሮው የጎደለውን እንቅልፍ አንጎል ሲያካክስ የሚመጣ ቅዠት ስለሆነ እየቀነሰ ይሄዳል። ሐራራውም ቢሆን ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል እንጂ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ይወርዳል። ውኃ መጠጣት፣ በእግር መሄድ፣ በርጫ በሚደረግበት ሰዓት ከቤት ወጥቶ ኳስ ሜዳ መገኘት ያን ሰዓት ያሳልፋል። ድብርቱ ጠንቶ ራስን የመግደል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ሰውየው የሌለ ድምፅ የሚሰማና ሁሉንም የሚጠረጥር ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

አማካሪ ዘንድ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የምክር አገልግሎት ሲባል ተግሣጽ ይመስለዋል። ተግሣጽማ በሰፈራችን ሞልቷል፤ ለእሱ ወረፋ መያዝ አያስፈልግም። ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከጠጪዎች ጋር ሲሠራ ያስተዋለውን እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ ነበር። ሰውን ስንሞግተው ሱሱን ለመከላከል ይከራከራል፤ በአክብሮት ስንጠይቀው ግን የመተዉን ምክንያት ከራሱ አፍ ያወጣዋል። ዛሬ በብዙ አገር አማካሪዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የምትጠየቁት እንዲህ ያለ ነው፦ ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ጊዜ ቃማችሁ? ሐራራው ምን ያህል ይበረታል? በጫት ምክንያት የቀረ ትምህርት፣ ያልተሠራ ሥራ፣ የተሸጠ ራሽን አለ? ዘመድ ወይም ጓደኛ አሳስቦት ነግሮአችሁ ያውቃል? ለመቀነስ ሞክራችሁ ሳይሳካ ቀርቷል? ይህን ቤት ውስጥ ለብቻ ሆኖ መመለስም ይቻላል፤ ምላሹ ብዙውን ጊዜ አዎን ከሆነ ወደ ክሊኒክ የምትሄዱበት ምክንያት አግኝታችኋል። ቀጥሎ የምትቅሙበትን ሰዓት፣ ቦታና ጓደኛ ለይታችሁ በእነዚያ ሰዓቶች ምን እንደምታደርጉ ከአማካሪው ጋር ታቅዳላችሁ። ለምን እንደምትቅሙም ይነሣል። ከመካከላችን በመንገድ ላይ ያየውን ላለማስታወስ የሚቅም፣ ቀኑ አልመሽ ብሎት የሚቅም አለ። ያ ሐዘን ካልተነካ ጫቱን ብቻ መንቀል አይበቃም።

«ኬዜን ያበላሽብኛል» የሚል ፍርሃት እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ራሳችሁ ጠይቁ፦ የምናገረው የት ይጻፋል? ማን ያየዋል? አማካሪ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከዚህ የሚወጣው የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ወይም ሕፃን ሲበደል ነው። አስተርጓሚው የሰፈራችሁ ሰው ሆኖ ካፈራችሁ ሌላ እንዲመደብላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ሪሴትልመንትም እውነቱን እንናገር። በአሜሪካ ካቲኖን የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ለስደተኞች በሚደረገው የጤና ምርመራ ሐኪሙ ራሱ ስለ ሱስ ይጠይቃል፤ ሱሰኛ ሆኖ የተገኘ ሰውም ጉዳዩ ሊያዝ ይችላል። ካቆመ 12 ወር የሞላው ግን በዚህ ምክንያት አይያዝም። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ጫትን ከልክለዋል። እንግዲህ ኬዝ የሚያጓትተው ሱሱ ነው፤ ቀደም ብሎ መታከሙ ይጠቅማል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅን ማሰርና ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ አይበጅም። በምርቃና ሰዓትም አታነጋግሩት፤ ያን ጊዜ ሁሉንም «እሺ» ይላል። ጠዋት፣ እህል ከቀመሰ በኋላ፣ ሰው በሌለበት አነጋግሩት። ሳያቅማማ አብሮአችሁ ክሊኒክ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ከአሥር ስድብ ይልቅ «አብሬህ እሄዳለሁ» የሚለው ይሻላል። ገንዘብ በእጁ ከመስጠት ደብተሩንና ጫማውን ገዝታችሁ ስጡት። ጫት ግዛልኝ ብሎ ልጅን የሚልክ አባት ካለ፣ ከልጁ በፊት እሱ ቢሄድ ይቀላል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ከክሊኒኩ ጋር አይጣሉም፤ የታዘዘውን መድኃኒት ግን አታስቋርጡ።

ክሊኒክ ስትደርሱ በወረፋው ፊት «ሱስ» ማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ መዝጋቢውን «አማካሪውን ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። በቀጠሮው ዋዜማ ቅማችሁ ብታድሩም አትቅሩ። ብዙ ሰው የሚተወው ከአንድ ሁለት ሙከራ በኋላ ነው፤ አማካሪውም የትኛው ሰዓት እንዳሸነፋችሁ ሲያውቅ ዕቅዱን በዚያው ቀን ያስተካክልላችኋል።