የጄት ጩኸት ከየት ይመጣል?

ከመካከላችን የጄት ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ የሚደነግጥ አለ። የጦር አውሮፕላን ያየ ሰው ቢደነግጥ አያስነቅፍም። ነገር ግን የሚያስፈራንን ነገር ምንነት ማወቅ ፍርሃቱን ያቀልለዋልና፣ ዛሬ ስለዚህ ድምፅ እንማር።

በመጀመሪያ ወደ ሞያሌ ጎዳና እንውጣ። ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ሹፌሩ የእጅ ፍሬን ሲይዝ «ፊስስ!» የሚል ድምፅ እንሰማለን። ይህ ብረት ከብረት ተጋጭቶ የወጣ ድምፅ አይደለም። ታምቆ የነበረ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያመልጥ የሚፈጥረው ነው። የጄት ሞተርም አየር ከፊቱ ይስባል፤ ያምቀዋል፤ ነዳጅ ያቃጥልበታል፤ ከዚያም በኋላው በኩል በከፍተኛ ፍጥነት ይተፋዋል። ፈጣኑ አየር በዙሪያው ካለው ዝግተኛ አየር ጋር ሲፋተግ፣ በበጋ ሜዳ ላይ እንደምናየው የአቧራ አዙሪት ያሉ ትልልቅና ትንንሽ አዙሪቶች ይፈጠራሉ። አዙሪቶቹ ሲፈጠሩና ሲፈርሱ የአየሩን ግፊት ያናውጣሉ። ይህ መናወጥ ጆሮአችን ሲደርስ ጩኸት ይሆናል።

የጩኸቱስ መጠን በምን ይወሰናል? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት መልሱን ሰጠ። ጄቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች ሲወጣ፣ የድምፁ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስምንተኛ ርቢ ነው። በዚያው ቀዳዳ የሚወጣው አየር ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን፣ ስምንት ሁለቶችን እናባዛለን፤ ውጤቱ 256 ነው። የድምፁ ኃይል 256 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ሲቆጠር 24 ያህል ይጨምራል።

መሐንዲሶች ይህን የሚለኩት የገደል ማሚቶ እንዳይኖር ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ ክፍል ውስጥ ነው። ድምፁ በየአቅጣጫው እኩል ስላልሆነ ማይክሮፎኖቹን በጄቱ ዙሪያ በቅስት ይደረድራሉ። በኮምፒዩተር ለማስላት ደግሞ አየሩን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፍሉና፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ግፊትና ፍጥነት በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚለዋወጡ ያሰላሉ። ሥራው ከባድ ነው። ከጄቱ ጉልበት ድምፅ የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ትንሽ የስሌት ስሕተት ድምፁን ይውጠዋል። ስለዚህ ስሌቱ በማይክሮፎን ከተለካው ጋር እየተመሳከረ ይፈተናል።

የዚህን ዕውቀት ጥቅም በአገራችን አውሮፕላኖች ላይ እናያለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢ የሚባሉትን፣ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። የዚያ ዘመን ሞተሮች ጠበብ ያሉ ስለነበሩ ጥቂት አየር በብዙ ፍጥነት ይተፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን በሰፊ ማራገቢያ ብዙ አየር በዝግታ ይገፋል። የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝም እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆርጦአል፤ ይህም የአየሩን አቀላቀል ያለዝባል።

እቤት ሞክሩት። አፋችሁን ከፍታችሁ «ሃ» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ቀጥሎም ከንፈራችሁን አጥብባችሁ በኃይል ንፉ። የትኛው ጮኸ? ወላጆችም ልጃችሁ የጄት ድምፅ ሰምቶ ሲደነግጥ አብራችሁት ንፉ፤ «የሰማኸው ድምፅ ፈጣን ነፋስ ከዝግተኛ ነፋስ ሲፋተግ ነው» በሉት።