ስለ ሐዲያና ስለ ከምባታ ግዛት አከፋፈል

አንድ ሽማግሌ ከሣጥኑ የአባቱን የግብር ደረሰኝ አውጥቶ «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፤ ከምባታ አውራጃ» የሚል ቃል ቢያነብ፥ እርሱ ራሱም የሌሞ ሐዲያ ቢሆን፥ «እንግዲያስ አባቴ ከምባታ ነበረ ማለት ነውን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የልጅ ልጁም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። አስተማሪው አጣርቶ ያልመለሰለት እንደ ሆነ፥ ከአንድ የጽሕፈት ቤት ቃል የተነሣ የዘር ክርክር፥ አንዳንድ ጊዜም የመሬት ሙግት ይወለዳል። ስለዚህ የግዛቱ ስም በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ መረዳት ያስፈልጋል።

በጥንት ዘመን ሁለቱም ሕዝቦች የየራሳቸው ገዥ ነበራቸው። የሐዲያ ገዥ ገራድ፥ የከምባታ ንጉሥ ዎማ ይባል ነበር። ሐዲያ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ለነገሥታቱ ይገብር ነበር፤ ኋላም በልጅነታቸው ለነገሡት ለዐፄ ልብነ ድንግል በሞግዚትነት መንግሥቱን የጠበቁት ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ነገር ግን የጥንቱ ሐዲያ ከዛሬው የሐዲያ ዞን እጅግ የሰፋ ነበር፤ በ16ኛው ምዕት ዓመት ጦርነትና ፍልሰት ሕዝቡ ተበታትኖ፥ ከፊሉ ዛሬ በኦሞና በብላቴ ወንዞች መካከል ባለው አገር ተቀመጠ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ስፍራው አንድ አይደለም።

አገሩ በ1880ዎቹ ዓመታት ከዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ጋራ ከተጠቃለለ በኋላ፥ ግዛቱ በሙሉ በአንድ ስም ከምባታ ተባለ፤ ራስ አባተ ቧያለውም ከገዥዎቹ አንዱ ነበሩ። ሹሞቹ የከምባታን ስም የወሰዱት ለግዛታቸው መጠሪያ እንጂ የሐዲያን ሰው ከምባታ ለማድረግ አልነበረም፤ የተጻፈው ግን እንደ ተጻፈ ቀረ። ዋቸሞ ይባል የነበረውም ስፍራ በበዓለ ሆሳዕና ስም ሆሳዕና ተብሎ የግዛቱ ከተማ ሆነ። የቀደመው ስም ግን አልጠፋም፤ በከተማይቱ የተሠራው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ይባላል።

ከጠላት ወረራ በኋላ፥ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ወጣ። በዚህም ደንብ ኢትዮጵያ በ12 ጠቅላይ ግዛት ተከፈለች፤ ጠቅላይ ግዛቱ በአውራጃ፥ አውራጃው በወረዳ፥ ወረዳውም በምክትል ወረዳ ይከፈል ነበር። ገዥዎቹም በመንግሥት ደመወዝ የሚኖሩ ሹሞች እንዲሆኑ ታዘዘ። ያን ጊዜ ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የአውራጃ ከተማ ሆነች። አውራጃው በመጀመሪያ ከምባታ ብቻ ይባል ነበር፤ ኋላ ግን ከምባታና ሐዲያ ተባለ። በዚያ ዘመን የአውራጃው ገዥ የወሰነበት ሰው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ አቤት ለማለት አዲስ አበባ መውጣት ነበረበት፤ ይህም በዛሬው የቡታጅራ መንገድ እንኳ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንቅና ጠበቃ የሌለው ድኻ ፍርዱን ትቶ ቢቀር አያስደንቅም።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛት የሚለው ቃል ክፍለ ሀገር በሚል ተተካ፤ አውራጃና ወረዳ ግን ቀሩ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ በ800 ሄክታር መሬት የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ ዛሬ በገጠር ቀበሌ የምንለው የተወለደው ከዚሁ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለቱም ሕዝቦች በደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ሆኑ። ሆሳዕና የሐዲያ ዞን ከተማ ሆና ስትቀር፥ የከምባታ ዞን ከተማ ዱራሜ ሆነች። ስለዚህ ለአንጋጫ ሰው የአባቱ አውራጃ ከተማና የእርሱ ዞን ከተማ ልዩ ልዩ ናቸው። የክልሉ መቀመጫ ሐዋሳ ስለ ነበረች፥ አቤት ባዩም ፊቱን ከአዲስ አበባ መልሶ በሀላባና በሻሸመኔ በኩል ወደዚያ ይጓዝ ጀመር።

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሆሳዕና የክልል ከተማ ሆነች። ጠምባሮም ከከምባታ ተለይቶ ልዩ ወረዳ ሆኗል። የክልሉ ቢሮዎች ግን በሆሳዕና ብቻ አልተሰበሰቡም፤ ወልቂጤ፥ ቡታጅራ፥ ወራቤ፥ ዱራሜና ሀላባ ቁሊቶም ድርሻ አላቸው፤ ባለጉዳይ ሳይጠይቅ ቢነሣ በከንቱ ይደክማል።

እንግዲህ አስተማሪ ሆይ፥ አሮጌ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥምህ አስቀድመህ ዓመተ ምሕረቱን ተመልከት፤ ቀጥለህም ወረዳውንና የቀዬውን ስም አንብብ፤ የአውራጃውን ስም በመጨረሻ ተመልከተው። «ከምባታ አውራጃ» የሚለው ቃል ግብሩ በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደ ተከፈለ ይነግርሃል፤ ከፋዩ ከማን እንደ ተወለደ ግን አይነግርህም፤ እርሱን ሽማግሌዎቹን ጠይቅ።