መክደን፣ መመረግ፣ ማጥበቅ፦ የቤት ቢራን በበርሜል ስለ ማኖርና ጋዝ ስለ ማስረግ የቃላት ምርጫ

የአሠራር መመሪያን ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ችግር የሚገጥመው በረቂቅ ጽንሰ ሐሳብ ላይ ይመስለው ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚያሳስተው ተራ የሚመስለው ግሥ ነው። ለዚህ አብነት ይሆነን ዘንድ በቤት የተጠመቀ ቢራን በርሜል ውስጥ ዘግቶ ጋዝ እንዲይዝ የማድረግን ሥራ መርጠናል። ሥራው ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም፤ ሆኖም በአንድ ቃል ስሕተት ቢራው ሊበላሽ፣ ዕቃውም ሊፈነዳ ስለሚችል ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የዚህ ሙያ መመሪያ በብዛት የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው። በብሪታንያ ለቤት ጠመቃ ፈቃድ ማውጣት የቀረው በ1963 ሲሆን፣ በአሜሪካም የፌዴራሉ መንግሥት ለራስ ፍጆታ የሚጠመቀውን ቢራ ከግብር ነጻ ያደረገው በ1978 በወጣ ሕግ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ጠማቂዎቹም ቀድሞ ለለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ የተሠራውን፣ 19 ሊትር ገደማ የሚይዘውን የማይዝግ ብረት በርሜል ለቢራ አዋሉት። ክዳኑ ሞላላ ነው፤ በዙሪያው የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮቻችን «ጎሚኒ» የሚሉት፣ ተጠምጥሞበታል። ከላይ ሁለት አፎች አሉት፤ በአንደኛው ጋዝ ይገባል፣ በሌላው ቢራ ይወጣል። ይህን ዕቃ «ጋን» እንበለው የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ቃሉ ያምራል እንላለን፤ ነገር ግን ሸክላ ግፊት አይችልም፤ ስሙም አንባቢውን ወደማይሆን ዕቃ ሊመራው ይችላል። ስለዚህ «በርሜል»ን እንመርጣለን።

ዋናው ቋጠሮ እንግሊዝኛው «ሲል» በሚለው አንድ ግሥ የሚጠቀልለው ተግባር ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ጋኑን ይከድኑታል፤ ቀጥሎም አፉን በጭቃ ይመርጉታል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያያቸው የለም። የተከደነ ዕቃ ከአቧራና ከዝንብ ይጠበቃል እንጂ አየር አይከለከልም፤ የተመረገው ደግሞ አየር ይከለክላል እንጂ ከውስጥ የሚመጣ ግፊት አይይዝም። ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ በውታፍ ይወተፋል። ቀዳዳ ይደፈናል፤ ከተደፈነም በኋላ ይከፈታል ተብሎ አይጠበቅም። «ማሸግ» በበኩሉ የባለሥልጣን ወይም የፋብሪካ እጅ ያለበት ቃል ነው፤ ሱቅ ይታሸጋል፣ ውሃ በጠርሙስ ይታሸጋል፤ በሁለቱም ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ተርጓሚዎች ዘወትር የሚመርጡት ይህኑ የመጨረሻውን ነው፤ ለበርሜሉ ግን የማይስማማውም እርሱ ነው።

ምክንያቱም የበርሜሉ ክዳን ከውስጥ በኩል የሚገጠም በመሆኑ በእጅ ኃይል ብቻ አይጠብቅም። ወደ ላይ ገፍቶ ጎሚኒውን ከበርሜሉ ከንፈር ጋር የሚያጣብቀው ከሲሊንደር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። «ክዳኑ ይታሸግ» ተብሎ የተነገረው ጀማሪ ዘግቶ ይሄዳል፤ ጋዙም ሌሊቱን በዳር ሾልኮ ያልቃል። ስለዚህ ተግባሩን ለሁለት ከፍለን፣ ክዳኑን በቦታው ማዋል «መግጠም»፣ በጋዝ ግፊት ማጣበቁን «ማጥበቅ» እንለዋለን። በዚህ አጠራር የሥራው ሂደት እንደሚከተለው ይጻፋል፦ በርሜሉ ታጥቦ ከተሕዋስያን ይጸዳል፤ ጎሚኒው ለምግብ ዕቃ የሚፈቀድ ቅባት ይቀባል፤ ቢራው ኦክስጅን አግኝቶ ጣዕሙ እንዳይከሳ በቱቦ ከበርሜሉ ወለል ጀምሮ ሳይንቦጫረቅ ይወርዳል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ ለጥቂት ጊዜ እስከ 2 ባር በሚደርስ ግፊት ይጠብቃል። በክዳኑ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ሲደረግ አረፋ ካልተነሣ ጠብቋል ማለት ነው። ከዚያም በውስጡ የቀረው አየር እንዲወጣ የማስተንፈሻው ቫልቭ ደጋግሞ ይከፈታል።

ሁለተኛው አደጋ «መፍላት» በሚለው ግሥ ውስጥ ተደብቋል። በእሳት ላይ ያለ ውሃ ይፈላል፤ በጋን ውስጥ ያለ ጠላም ይፈላል። በንግግር ሁኔታው ስለሚለየው ማንም አይሳሳትም። በቢራ መመሪያ ውስጥ ግን ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ገጽ ይገናኛሉ፤ የብቅሉ ውሃ አስቀድሞ በእሳት ይፈላል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ገብቶበት እንደገና «ይፈላል»። «መፍላቱ ሳያልቅ አትዝጋ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ እሳቱን የሚመለከት አድርጎ የተረዳ ሰው፣ እርሾው ገና ስኳር እየበላ ሳለ ይዘጋል። ከአንድ ግራም ስኳር ግማሽ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣልና፣ በርሜሉ ማስተንፈሻ ስላለው ቢተርፍም ጠርሙስ ይፈነዳል። በእኛ በኩል በእሳት ለሚሆነው «መፍላት»ን፣ በእርሾ ለሚሆነው «መብላላት»ን ለይቶ መጠቀም ግዴታ ነው እንላለን።

«ካርቦኔሽን» ለሚባለውስ? «አረፋ ማስያዝ» የሚለው ትርጉም ነገሩን ይገለብጠዋል፤ አረፋ የሚታየው ጋዙ ከቢራው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም። «ጋዝ መጨመር» የባሰ ነው፤ በብዙ ማእድ ቤት ጋዝ ማለት የምድጃ ነጭ ጋዝ ነው፤ ጀማሪው ምን ሊጨምር እንደሚችል ማሰብ ያስፈራል። የእኛ ሐሳብ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስረግ»፣ ከመጀመሪያው መጠቀስ በኋላም በአጭሩ «ማስረግ» ነው፤ ውሃ ወደ መሬት እንደሚሰርግ ጋዙም ወደ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ይሰርጋልና። ቃሉ ሰርግን ያስታውሳል የሚል ቢኖር፣ ጠላ ካለበት ሰርግም አይርቅምና ጉዳት አናይበትም።

«ማስረግ» ቀስታን ማመልከቱም ይጠቅማል። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይበልጥ ስለሚሟሟ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ቢራ 0.8 ባር ገደማ ግፊት ቢደረግለትና አንድ ሳምንት ያህል ቢጠበቅ ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ ለዚያው መጠን 2 ባር ገደማ ያሻል። በርሜሉን እየናጡ ማፋጠን ይቻላል፤ መጠኑን ማሳለፍም እንዲሁ ይቀላል። ሲሊንደሩ ራሱ በ20 ዲግሪ ከ50 ባር በላይ ስለሚይዝ ያለ ግፊት መቀነሻ ከበርሜል ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እዚህ ላይ «ግፊት» ስንል መለኪያው የሚያሳየውን፣ ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ብቻ መሆኑን ተርጓሚው በግርጌ ቢያመለክት መልካም ነው።

የሰረገውን ጋዝ ልክ እንግሊዝኛው «2.5 ቮልዩም» ሲለው «2.5 ጥራዝ» ብሎ መመለስ መጽሐፍ መቍጠር ይሆናል። የሚፈለገው ሐሳብ አንድ ሊትር ቢራ የያዘው ጋዝ ቢለይ፣ በ0 ዲግሪና በተለመደው የአየር ግፊት 2.5 ሊትር ቦታ ይሞላል የሚል ነው፤ ክብደቱም 5 ግራም ያህል ነው። «የቢራው 2.5 እጥፍ ጋዝ» ቢባል ትርጉሙ ይደርሳል፤ ሚዛን ላለው አንባቢ ግን በሊትር 5 ግራም ብሎ መጻፍ ከሁሉ ይቀላል።